የ4 ዓመት ልጅ ንግግሩ ወደኋላ ቀርቷል፦ ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው ወይስ የቋንቋ እድገት ችግር? (ጅማ)

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ጅማ

ሰላም ለቤቱ። በሕፃናት ሕክምናና በሕፃናት ቋንቋ ላይ የምትሠሩ ሰዎች ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። ልጁ ወንድ ነው፣ 4 ዓመት ከ3 ወር ሆኖታል። እናቱና አያቱ በአፋን ኦሮሞ፣ አባቱ በአማርኛ ያወሩታል። ክፍል ውስጥ የምናስተምረው በአማርኛ ነው፤ ልጆቹ ግን ሲጫወቱ ሁለቱንም ያቀላቅላሉ። እኛ ጋ ከገባ 8 ወር ሞልቶታል።

ከአፉ እንደወጣ የጻፍኳቸው እነዚህ ናቸው፦ «እማዬ ዳቦ ሰጠ» (ሰጠችኝ ለማለት)፣ «እኔ ትናንት ሄደ»፣ «አልበላ» (አልበላሁም ለማለት)፣ «ያ... ያ ነገር» (መቀስ ለማለት፤ መቀስ በየቀኑ ይይዛል)። ሴት መሆኔን እያወቀ «ና» ይለኛል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ቀን፣ ጠን፣ ጨን አሳምሮ ይላል፣ «ረ»ን ብቻ «ለ» ያደርጋታል። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል፣ የፈለገውን በጣቱ ያሳያል፣ ወንበር ደርድሮ ባጃጅ እየነዳ ተሳፋሪ ይጭናል። ትእዛዝ ስሰጥ ግን መጀመሪያ ጓደኞቹን ያያል፣ እነሱ ሲነሱ ይነሳል።

እናቱ እንደምትለው በአፋን ኦሮሞም አጫጭር ነው የሚያወራው፤ የ3 ዓመት እህቱ ትበልጠዋለች። ክረምት ላይ ጆሮው ይፈስ ነበር። ቤተሰቡ በሦስት ተከፍሏል፦ አያቱ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ይላሉ፤ አባቱ «እኔም እስከ 5 ዓመቴ አልተናገርኩም፣ ይደርሳል» ይላል፤ እናቱ አፋን ኦሮሞውን ትታ በአማርኛ ብቻ ልታወራው አስባለች። ምን ልበላቸው? ወዴትስ ልላካቸው?

ሐኪም ከጂሬን

መምህርት፣ የልጁን አነጋገር ሳያርሙ መጻፍዎ ትልቅ ሥራ ነው። «አይናገርም» ብቻ ተብሎ ቢመጣ ግማሹ ቀጠሮ የሚያልቀው ምን ማለት እንደሆነ በማጣራት ነበር።

ቅድሚያ ጆሮ። ጆሮው የፈሰሰ ልጅ ቋንቋው ከመመዘኑ በፊት መስማቱ ይለካል። ስሙ ሲጠራ ዞር ማለቱ ብዙ ቤተሰብ ያዘናጋል። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ መስማቱ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ሊቀንስ ይችላል። ስሙንና የበር ኳኳታን ይሰማል፤ የግስ መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ «ች» ወይም «ኝ» ግን ጫጫታ ባለበት ክፍል ታመልጠዋለች። ፈሳሹ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይቀንሳል፤ ሰዉም «ሲፈልግ ይሰማል» እያለ ይቆጣዋል።

ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱና የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይቅረቡ። የሚጠይቁት ጆሮው በመሣሪያ እንዲታይ (ሰም፣ የተቀደደ ታምቡር)፣ የታምቡሩ እንቅስቃሴ እንዲለካ (ቲምፓኖሜትሪ)፣ ከዚያም የመስማት ልኬት ነው። በ4 ዓመቱ ልኬቱን በጨዋታ መሥራት ይችላል፦ ድምፅ በሰማ ቁጥር አንድ ኩብ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት እዚያው ክፍልዎ ውስጥ ያለማምዱት፤ ከጀርባው ሆነው ጠረጴዛ ሲመቱ አንድ ቆርኪ ጣሳ ውስጥ ይጣል። ጨዋታው ያልገባው ልጅ የማይሰማ ይመስላል፣ ውጤቱም ይበላሻል።

ከጉንፋን ወይም ከጆሮ ሕመም በኋላ የቀረ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ከዚያ ካለፈና መስማቱን ከቀነሰ ሐኪሙ ሌላ እርምጃ ያስባል። እስከዚያው ጆሮው ውስጥ ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ አይግባ፤ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው።

እንጥል ከቃላትና ከዓረፍተ ነገር ጋር ግንኙነት የለውም። ማስቆረጥ ግን ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ቴታነስ፣ ምላጩ የጋራ ከሆነም ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ሊያመጣ ይችላል። አያቱን ፊት ለፊት መሟገት ብዙም አያዋጣም። «እማማ፣ መጀመሪያ ጆሮውን እናሳየው፣ ሐኪሙ ጉሮሮውንም በዚያው ያየዋል» ቢባሉ እምቢ አይሉም። ምላሱ ታስሯል የሚል ከመጣም መልሱ ተመሳሳይ ነው፦ ተ፣ ነ፣ ለን ጥርት አድርጎ የሚል ልጅ ምላሱ አልታሰረም።

የአባቱ ነገር ነው የገረመኝ። ቤተሰቡ ለመጽናኛ የሚያነሳው ወሬ እኛ ካርድ ላይ እንደ አጋላጭ ምክንያት የምንጽፈው ነው። የቋንቋ እድገት ችግር በዘር የመሄድ ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አባትየው ትምህርት ቤት ንባብ ያስቸግረው እንደነበር ጠይቁልኝ።

ጣቱን ቀስሮ ማሳየቱና ተሳፋሪ ጭኖ መጫወቱ ኦቲዝምን እንድጠራጠር አያደርገኝም። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ወይም የሚጥል ሕመም ዓይነት ነገር ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ቶሎ ይምጣ። አጠቃላይ እድገቱን ለማየት ዴንቨር 2 ጅማ የሚባለው መለኪያ አለ፤ ለዚሁ አካባቢ ልጆች ተስተካክሎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። እሱም ቢሆን ማጣሪያ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ልሳን

በሐኪሙ ላይ ልጨምር። ከመምህርቷ ምሳሌዎች አብዛኞቹ ችግር መኖሩን አያሳዩም። አፋን ኦሮሞ ለሚሰማ ልጅ የሚጠበቁ ናቸው።

«ና» ማለቱን ተዉት። በአፋን ኦሮሞ ሁለተኛ መደብ ላይ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለሁለቱም «ኮቱ» ነው። «እኔ ሄደ»ም እንዲሁ፦ «አኒ ዴሜ»፣ «ኢኒ ዴሜ»፤ ለእኔም ለእሱም ግሱ አንድ ነው። «አልበላ» ሲል «ሁ»ን መጣሉ ከዚያው ሊመጣ ይችላል፤ «ሂን ኛኔ» ለሁሉም መደብ አይለወጥም። «ሰጠችኝ» ላይ «ኝ» መቅረቷም አያስደንቅም፤ በአፋን ኦሮሞ «ናፍ» ተብሎ ለብቻው ነው የሚመጣው።

የሚቆረቁረኝ «እማዬ ሰጠ» ነው። አፋን ኦሮሞ ለሴት ግሱን ይለውጣል፦ እሱ «ኬኔ»፣ እሷ «ኬኒቴ»። ስለዚህ የ«ች» መጥፋት ከእናቱ ቋንቋ የመጣ አይመስልም። በየቀኑ የሚይዘው መቀስ ስሙ አለመምጣቱም አንድ ነገር ነው። ለማንኛውም ልጁ የሚመዘነው በአማርኛ ስህተቱ መሆን የለበትም፤ ከአባቱና 8 ወር ከክፍል ብቻ የሰማውን ቋንቋ ይዘን ከፈረድን ጤነኛውን በሽተኛ፣ በሽተኛውን ደግሞ «ቋንቋ በዝቶበት ነው» እንላለን። መታየት ያለበት በአፋን ኦሮሞ ምን ያህል እንደሚያወራ ነው። ችግሩ እውነተኛ ከሆነ በሁለቱም ይታያል፤ በአንዱ ደህና ሆኖ በሌላው ብቻ የሚጎድል ከሆነ የልምድ ማነስ ነው።

መጀመሪያ ነቅቶ ከሚውልበት ሰዓት ስንቱን በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰማ ከእናቱ ጋር አስሉ፤ ቅዳሜና እሁድን ለብቻ። የአንዱ ድርሻ ከሩብ በታች ከሆነ በዚያ ቋንቋ አትመዝኑት።

ቀጥሎ የመረዳት ሙከራ። ልጁን ለብቻው አድርጋችሁ «ኳሱን ከወንበሩ ሥር አድርግና ማንኪያውን ስጠኝ» በሉት። ዕቃውን አትዩ፣ እጃችሁን አታንቀሳቅሱ። የተለመደ ትእዛዝ አይሁን፦ «እጅህን ታጠብና ና» ቃሉ ባይገባውም ከልማድ ያደርገዋል። እናቱ ሌላ ቀን በአፋን ኦሮሞ ትድገመው። መምህራን እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚሸወዱት፤ ጓደኞቹን እያየ የሚነሳ ልጅ ከሩቅ ሲታይ የገባው ይመስላል።

ከዚያ ዓረፍተ ነገር አስደግሙት፣ ከአጭር ወደ ረጅም፦ «ልጁ ወደቀ»፣ «ትንሿ ልጅ ውሃ ቀዳች»፣ «እናቱ የገዛችለት ኳስ ጠፋበት»። በአፋን ኦሮሞ ተመሳሳዮቹን እናቱ ታዘጋጅ፤ ቃል በቃል ከአማርኛ አትመልስ፣ በቤት እንደሚባለው ትበል። ትርጉም የሌላቸው ቃላትም ጨምሩ፣ «ዶፋ»፣ «ሊሶባ»፣ «ቴጋሙሊ» ዓይነት፤ በሁለቱም ቋንቋ ምንም ማለት እንዳልሆኑ አረጋግጡ። የቋንቋ እድገት ችግር ያለበት ልጅ ባለ ሁለት ክፍለ ቃሉን ይልና ባለ አራቱ ላይ ይበታተንበታል፤ የሰሙትን ድምፅ ለአፍታ ይዞ የማቆየት አቅም ስለሚያንሰው። ከእሱ ጋር ተመሳሳይ ዕድሜና ተመሳሳይ የቤት ቋንቋ ያላቸው ሦስት አራት ልጆችም ይሥሩት፤ ያለ ማነጻጸሪያ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

በነገራችን ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣውና ዶሮቲ ቢሾፕ የመሩት የባለሙያዎች ስምምነት ዲኤልዲ (የቋንቋ እድገት ችግር በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ) የሚለውን ስም የሚሰጠው የመስማት እክል፣ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ሳይኖር ቋንቋው የዕለት ኑሮውን ለሚያውክበትና በቀላሉ ለማይለቀው ልጅ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ100 ጀማሪ ተማሪዎች 7 ተኩል ያህል አግኝቷል። 40 ልጅ ያለበት ክፍል ሦስት ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ብዙ ሆኖ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የአዌቱ ማዶ

በሁሉም እስማማለሁ፣ በቋንቋው ምርጫ ላይ ግን የእናቲቱ ሐሳብ የሚናቅ አይመስለኝም። ትምህርቱ በአማርኛ ነው፣ ለልጁ ደግሞ አንድ ቋንቋ እንኳ ከብዶታል። ሁለት ዓመት በአንዱ ጠንክሮ ሌላውን በኋላ ቢይዝ ምን አለበት? በተለይ ፊደልና ቁቤ ባንድ ጊዜ ሲጫኑበት ግራ የሚጋባ ልጅ ብዙ ነው።

ልሳን

ጽሕፈቱን በተመለከተ ልክ ነህ፤ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ማስከተል ይቻላል። የሚነገረው ግን ሌላ ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት ችግሩን አያመጣም፣ አንዱን መቀነስም አያድነውም። እናቲቱ በማትደፍረው አማርኛ ስታወራው ምን እንደሚሆን አስብ፦ ዓረፍተ ነገሯ ያጥራል፣ ተረት ይቀራል፣ የሚቀረው «ና፣ ብላ፣ ተኛ» ነው። ከአያቱ ጋርም ይለያያል። ብዙ ንግግር መስማት የሚያስፈልገውን ልጅ የምናገኘው ትንሽ ሰምቶ ነው። እያንዳንዱ ሰው በሚቀናው ቋንቋ ያውራው፤ ልጁ ቢያቀላቅል አትቆጡት፣ ጅማ ላይ የማያቀላቅል ማን አለ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ጅማ

አመሰግናለሁ፣ የተባለውን ሠራሁ። በአፋን ኦሮሞ «እናቴ ዳቦ ሰጠችኝ» የሚለውን ስናስደግመው እህቱ «ሃቲ ኮ ዳቦ ናፍ ኬኒቴ» አለች፤ እሱ «ሃዻ ዳቦ ኬኔ» አለ። ሁለት ነገር የያዘ ትእዛዝ በሁለቱም ቋንቋ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚፈጽመው። ትርጉም ከሌላቸው ቃላት ባለ ሦስቱ ላይ ቆመ፤ ሦስቱ ማነጻጸሪያ ልጆች ባለ አራቱን አልፈዋል። ጆሮው ታይቷል፦ በግራው ጥቂት ፈሳሽ አለ፣ ቀኙ ደህና ነው፣ የመስማት ልኬቱ በቀጠሮ ነው። አባቱም ንባብ ይከብደው እንደነበር አምኗል። የንግግር ቴራፒስት እዚህ አላገኘንም። እስከዚያው 40 ልጅ ይዤ ምን ላድርግ? እናቱስ?

ልዩ ፍላጎት

እህቴ፣ የእህቱና የእሱን ንግግር ጎን ለጎን ማስቀመጥሽ ብቻ ብዙ ተናግሯል። «ሃቲ» (እናት የግሱ ባለቤት ስትሆን የምትባለው) «ሃዻ» ሆናለች፣ «ኬኒቴ» «ኬኔ» ሆናለች፤ በአማርኛ የጠፋችው ሴት በቤቱም ቋንቋ ጠፍታለች። አንድ ጆሮው ደህና ሆኖ ሁለቱም ቋንቋ እንዲህ ከሆነ ፈሳሹን ብቻ ምክንያት ማድረግ ይከብዳል፤ ልኬቱ ግን አይቅር። የሚሠራው ሥራ ምርመራው እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ጉዳትም የለውም።

አንድ ዒላማ ያዙ፣ ለ6 ሳምንት፦ የሴት ግስ። ይህን የመረጥኩት ለዘዴው ስለሚመች ነው። ዘዴው ልጁ ያለውን አስተካክሎ መልሶ ማሰማት ነው፣ «በል ድገመው» ሳይሉ። አማርኛ ላይ ግን ወጥመድ አለው። ልጁ «ሰጠ» ሲል ትልቁ ሰው «ሰጠችህ» ብሎ ይመልሳል፤ ልጁ የሚያስፈልገው «ኝ» ሆኖ የሚሰማው «ህ» ነው። «ኝ»ን ዒላማ ብታደርጊ ሁሌ የተገለበጠ ምሳሌ ትሰጪዋለሽ። «ች» ግን ተናጋሪው ቢቀያየርም አትለወጥም፤ በአፋን ኦሮሞም «ሲፍ ኬኒቴ» ሲባል «ኬኒቴ» እንዳለች ናት። እናቱ በቤት፣ አንቺ በክፍል አንድ ነገር ትሠራላችሁ ማለት ነው። «ኝ» በኋላ ትመጣለች፤ ያኔ በአሻንጉሊት አድርጊው፣ አሻንጉሊቷ ራሷ «ሰጠችኝ» ትበል።

መጠኑ፦ በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ዒላማው ይሰማ። አንዱን ግስ እየደጋገማችሁ አታሰልቹት፤ ቆላች፣ ወቀጠች፣ ቀዳች፣ አጠበች፣ ወደቀች፣ ሳቀች፣ ደበቀች እያላችሁ ግሱን ቀያይሩ። ልጁ አንድን ቃል በቃሉ ይዞ እንዳይቀር ሕጉን የሚያወጣው ከብዙ ግስ ነው። ለእናቱ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ይበቃታል፤ አያቱ ያፈላሉ፣ እናትና ልጅ ከከሰሉ ራቅ ብለው ተቀምጠው ያዩትን ያወራሉ። እህቱን ያሳትፏት፣ ሁለቱን ግን ፊቱ አታወዳድሩ፤ «እሷ ትችላለች» የሚባል ልጅ አፉን ይዘጋል።

በጣም የሚበላሸው ጥያቄ ሲበዛ ነው። «ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?» ፈተና እንጂ ጨዋታ አይደለም። ሦስት አራት ጊዜ ተናግረሽ አንድ ጠይቂ፣ ከዚያ በልብሽ እስከ 5 ቁጠሪና ጠብቂ። ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን አብዛኛው ሰው ሁለት ላይ ይናገራል። ስም ከፈለግሽ ምርጫ ስጪው፦ «መቀስ ነው ወይስ ሙጫ?»

ክፍል ውስጥ ከፊት አስቀምጪው፣ ቀኝ ጆሮው ወደ አንቺ ይሁን። ስሙን ጠርተሽ ዓይኑ ከመጣ በኋላ ትእዛዙን ቆርጠሽ ስጪ፦ «ደብተርህን አምጣ»፣ ካመጣ በኋላ «ቀለም ቀባ»። «ገባህ?» አትበይው፣ ሁሌም «አዎ» ነው መልሱ፤ «እስቲ አሳየኝ» በይ። የሳምንቱን አዲስ ቃላት ሰኞ ጠዋት ለእሱና ለሌሎች ሁለት ሦስት ልጆች ቀድመሽ በዕቃ አሳዪ፣ ብቻውን እንዳይለይ። ስልክና ቴሌቪዥን ለዚህ ሥራ አይተኩም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል ብሏል።

ሐኪም ከጂሬን

የንግግር ቴራፒስት ጅማ ላይ ስላልተገኘ አዲስ አበባ ወዳለ ቴራፒስት ሪፈር ሲጻፍ የሚከተሉት ይያያዙ፦ የመስማት ውጤቱ፣ በእያንዳንዱ ቋንቋ 5 ደቂቃ ጨዋታ ላይ እያለ በስልክ የተቀረጸ ድምፅ፣ ልጁ ያላቸው 10 ዓረፍተ ነገሮች ሳይታረሙ ከታሰበው ጋር፣ የእህቱ ንጽጽር፣ የአባቱ ታሪክ፣ ሲወለድ ቢጫነት ወይም የኦክስጅን እጥረት ነበረው ወይ፣ ማጅራት ገትር ወይም መንቀጥቀጥ ታሞ ያውቃል ወይ። እዚያ ያለው ባለሙያ አፋን ኦሮሞ ላይችል ስለሚችል እናቱ የግድ አብራ ትሂድ፣ ቅጂው ላይ ያለውን የምታስረዳው እሷ ናት።

በ6 ሳምንቱ መጨረሻ «ች»ን ባልተለማመደው ግስ ላይ፣ ማንም ሳያስታውሰው ካለ ሥራው ይዟል፤ ቀጣዩ ዒላማ ይመረጥ። በተለማመዳቸው ግሶች ላይ ብቻ ካለ ገና ነው፣ ግሶቹ ይብዙ። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ወይም በግራው ያለው ፈሳሽ ከ3 ወር ካለፈ የጆሮ ሐኪሙም የንግግር ባለሙያውም በአንድ ቀን እንዲያዩት ቀጠሮ ያዙለት፤ ቤተሰቡ ሁለቴ እንዳይመላለስ።